ግሪሳ ያልኳት ወፍ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ዱካ አውጥቼ እቀመጥና እሰማለሁ። ሥራዬ መስማት ነበር። የጡረታ ቅጼን የምትሞላው ልጅ «እማማ፣ የሥራ መደብዎን ምን ልበለው?» ስትለኝ «ወፍ ሰሚ በይው» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጓደኛዋን ጠራቻት። «ነይ ስሚ፣ ወፍ ሰሚ ነበርኩ ይላሉ!» ሁለቱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በመጨረሻ «የግብርና ረዳት» ብላ ጻፈች። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

እዚህ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት በምንላት ከተማ፣ ጎህ ሲቀድ የሚሰማው የባጃጅ ጥሩምባና የብሎኬት ማሽን ነው። ዓይኔን ስጨፍን ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር አንድ ሌላ ድምፅ ቀስ እያለ ይነሣል። መጀመሪያ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ የጀመረ ዝናብ ይመስላል። ከዚያ ወንዝ ይሆናል። ቆየት ብሎ ደግሞ ዝናብም ወንዝም እንዳልሆነ፣ ትንፋሽ እንዳለው ይገባችኋል። ቁጥር የሌላቸው ትናንሽ ጉሮሮዎች ሸንበቆ ውስጥ ለማደር ቦታ ሲሻሙ ነው። ግሪሳ ይሉታል። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ግሪሳ አይደለም፤ ግሪሳ ሳትሆን ግሪሳ ብዬ ስለመዘገብኳት ወፍ ነው።

የተወለድኩት ወንጂ ነው። አባቴ ከከምባታ የመጣ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ታናናሾቼን ስሸከም ዕድሜዬ አለፈ። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመት ከመቂ ወዲያ አንድ የመንግሥት እርሻ ሴቶችን ለወፍ ጥበቃ ሲቀጥር ሄድኩ። ማሽላው መሐል ማማ ተሠርቶልን፣ ወንጭፍና የጭቃ ድንጋይ ይዘን ስንጮህ እንውላለን። ከአንድ ወር በኋላ የሁላችንም ድምፅ ነጥፎ እንደ አሮጌ በር ማቃሰት ጀመርን።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ማማው ሥር ነው። ደብተሩ ስላልደረሰን በከሰል የማማው ምሰሶ ላይ እጽፍ ነበር። ሀ ሁ ሲሰለቸኝ የሰማሁትን መጻፍ ጀመርኩ። «ጠዋት ከምሥራቅ ብዙ። ከሰዓት ከሐይቁ ጥቂት።» አንድ ቀን ከናዝሬት ላንድሮቨር መጣና ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ወርደው ምሰሶዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

የእርሻውን ንብረት በማበላሸት ልከሰስ መስሎኝ «በውኃ አጥበዋለሁ ጌታዬ» አልኩ።

«ትላንት ጠዋት ከምሥራቅ ብለሻል። ትላንት እኮ ጭጋግ ነበር። እንዴት አየሽ?»

«አላየሁም። ሰማሁ።»

ትንሽ አሰቡና በከፊል ኦሮምኛ፣ በከፊል አማርኛ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ጆሮሽን ለመንግሥት ታበድሪያለሽ?»

ኦቦ ዋቆ ይባላሉ። በናዝሬት የወፍ መከላከያ ክፍል ውስጥ የመስክ ሰው ነበሩ። እንዲህ ሆኖ የእሳቸው ረዳት ሆንኩ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፣ ካኪ ካፖርት ተሰጠኝ፤ ስለዚያ ይህ ይበቃል።

ሥራችን ይህ ነበር። ገበሬ ማኅበር ወይም እርሻ «ግሪሳ ገብቷል» ብሎ ሲያመለክት እኛ ወፎቹ የሚያድሩበትን ሸንበቆ ፈልገን እናገኛለን። ስፋቱን በእርምጃ ለክተን፣ በቅጽ ሞልተን እንልካለን። ከዚያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የርጭት አውሮፕላን ይመጣል፤ እኛ በሸንበቆው ዳርና ዳር ነጭ ጨርቅ እናውለበልባለን፣ አብራሪው በመካከላችን መርዙን አፍስሶ ያልፋል። መርዙን «መድኃኒት» እንለው ነበር። እስካሁንም ገበሬው መድኃኒት ነው የሚለው። ይህ ቃል ስንት ነገር እንደሸፈነልን ሳስብ ይገርመኛል።

ኦቦ ዋቆ ሸንበቆ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ለውኃው ነው ብዬ ነበር፤ ደረቅ ቦታም ያወልቃሉ። ከዚያ ጀርባቸውን ለወፎቹ ሰጥተው ይቀመጣሉ። «ዓይን ቸኳይ ነው» ይሉኛል። «ብዛት ሲያይ ይደነግጣል። ጆሮ ግን አንድ አንዱን ይለያል።» ግሪሳ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ እንደሚመጣ፣ ሲያርፍም ድምፁ ደረቅና ጠብ የበዛበት እንደሆነ ያስተማሩኝ ዞር ብለው ሳያዩ ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሆዱ ሳይታይ ስሙ አይጻፍም። በቀጭን መረብ ሦስት ወፍ ይይዛሉ። እያንዳንዷን መዳፋቸው ላይ አስተኝተው «ዲፈማ» ይሏታል፣ ይቅርታ ማለት ነው፤ ከዚያ በትንሽ ሰንጢ ሆዷን ይከፍታሉ። ማሽላ ከወጣ ቅጹ ይሞላል። ትል፣ ፌንጣ፣ ትንኝ ከወጣ ቅጹ ኪሳቸው ይመለሳል።

አንዴ ዝዋይ አካባቢ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አውሮፕላኑ ካልመጣ ብሎ ሙጭጭ አለ። ኦቦ ዋቆ የተከፈተውን ሆድ አቀረቡለት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ትል።»

«ምን ትል?»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። «ተምች! ባለፈው ጤፋችንን የጨረሰው!»

«እንግዲህ ዘበኞችህን ግደልልኝ እያልከኝ ነው። ደመወዝ አይጠይቁህ፣ ቀለብ አይጠይቁህ!»

ሕዝቡ ሳቀበት፤ ሊቀመንበሩም ሳቀና ምሳ አበላን።

መንገድ ላይ ኦቦ ዋቆ ከሾፌራችን ጋር የሚጨቃጨቁበት ነገር ነበራቸው። ባዶ ሜዳ ላይ ስንደርስ በድንገት «ቀስ በል፣ ቆርኬ ታቋርጣለች» ይሉታል።

«የቷ ቆርኬ ኦቦ? እዚህ ያለው ቲማቲም ነው።»

«ቀስ በል ብዬሃለሁ።»

ሾፌሩ እያጉረመረመ ፍጥነት ይቀንሳል። ጥቂት ሄደን «እዚህ ደግሞ ሳላ» ይላሉ፤ ቀጥሎ «እዚህ የሜዳ ፍየል ውኃ ትወርድ ነበር።» ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ ያዩት ነው ሁሉም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በመስኮቱ አያለሁ፤ አቧራው ሲነሣ የእውነት ቀንድ የያዘ ነገር የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ላንድሮቨራችን ለሌሉ እንስሳት ቅድሚያ እየሰጠ የስምጥ ሸለቆውን ዘለቀው።

«ድሮም ግሪሳ እንዲህ በዝቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ጊዜ።

«ድሮ ሣር ነበር፣ የሣር ፍሬ ይበላ ነበር። እኛ ሣሩን ገልብጠን ማሽላ ዘራን። ገበታውን ያሰፋን እኛ፣ ለመብላት የመጣውን ሌባ ያልነው እኛ።»

ይህን ሲሉ በቁጣ አይደለም። ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኅዳር ነበር። ኦቦ ዋቆ እህታቸው ሞታባቸው ለለቅሶ አርሲ ወጡ። በዚያው ሳምንት ከመቂ በታች፣ ሐይቁ ዳር ስላለ ሸንበቆ ማመልከቻ መጣ። የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ታፈሰ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላይ በሚመጣ ስልክ የሚኖር ሰው ነበር።

«አውሮፕላኑ ነገ ብቻ ነው ያለን። ዛሬ ሄደሽ ቅጹን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ብቻሽን ትችያለሽ ወይስ አንቺም እንደ ሽማግሌው ሆድ ስትቀድጂ ልትሰነብቺ ነው?»

«እችላለሁ ጓድ» አልኩ። ብቻሽን ያለኝ ቃል ልቤን ነፋው። እስከዚያ ቀን ድረስ ረዳት ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ልሆን ነበር።

ሸንበቆው ዳር ስደርስ አንዲት ሴት ማጭድ ይዛ እየሮጠች መጣች። ጫልቱ ትባላለች፤ ማሽላዋ ከሸንበቆው ጩኸት በሚደርስበት ርቀት ላይ ነው። «ግሪሳ ነው እህቴ! ግሪሳ! ፀሐይ ስትገባ ሰማዩን ይሞላዋል!»

በአማርኛችን ግሪሳ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማሽላ የምትጨርሰው፣ ምንቃሯ ቀይ የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። ሁለተኛው ደግሞ በዝቶ የመጣ ነገር ሁሉ ነው። ሰርግ ላይ ያልተጠራ ሰው ሲበዛ «ግሪሳ ወረደብን» እንላለን። ጫልቱ የተናገረችው ሁለተኛውን ነው። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን። በመስማት እንጀራ የምበላ ሴት!

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ወፎቹ መጡ። እንደ ጭስ ዝቅ ብለው አልመጡም። ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ ወርቃማው ብርሃን ውስጥ ይሽከረከሩ ነበር፤ ከዚያ ማን እንዳዘዛቸው ሳይታወቅ እፍኝ ጤፍ እንደተበተነ ወደ ሸንበቆው ዘነቡ። ድምፃቸው ጠብ የለውም። ለስላሳ፣ የሚያወራ፣ ሕፃናት ከመተኛታቸው በፊት እንደሚንሾካሾኩት ነበር። ጆሮዬ ነግሮኛል። ይህ ሌላ ነው ብሎኛል። መረቡ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ሰንጢው ኪሴ ውስጥ።

ሸንበቆው ጥልቅ ነው፣ መሽቶብኛል፣ መኪናው ይጠብቀኛል አልኩ። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። ሆድ ቀዳጅ እንዳልባል ፈራሁ። ስፋቱን በእርምጃ ለካሁ፣ የወፉ ዓይነት በሚለው ፊት «ግሪሳ» ብዬ በደንብ አድርጌ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

በማግስቱ አውሮፕላኑ መጣ። ነጩን ጨርቅ ያውለበለብኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለመቁጠር ተመለስን። ውኃው ላይ ሰማያዊ ነገር ተንጣሎ ነበር፣ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ። ጎንበስ ብዬ አንዷን አነሣሁ። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ጉሮሮዋ የሸክላ ቀለም፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ። ሰንጢዬን አወጣሁ። አሁን፣ ከረፈደ በኋላ፣ «ዲፈማ» ብዬ ከፈትኳት። ትንኝ። ሌላዋንም፣ ሌላዋንም። ትንኝና ትንንሽ ዝንብ ብቻ። አንዲት የማሽላ ፍሬ አልነበረችም።

ከዳር ሦስት አባ ኮዳዎች፣ የሞቱትን ሲበሉ አድረው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል። አንድ ዓሣ አስጋሪ መረቡን ከውኃው እያወጣ አየን። የያዘውን ዓሣ ሁሉ መልሶ ጣለና ታንኳውን እየቀዘፈ ሄደ። ስድብ ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ከወፎቹ በአንዷ እግር ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት ነበር፤ የፈረንጅ ፊደል ተቀርጾበታል። ያንን ፊደል ማንበብ አልችልም። ግን ቀለበት ያለ ሰው እጅ አይገባም። የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው በጣቶቹ መካከል ይዟት፣ አስሮላት፣ ሂጂ ብሏት ለቋታል። እስክትመለስም ይጠብቃል።

ኦቦ ዋቆ ከለቅሶ ሲመለሱ ወፏን በመሐረብ ጠቅልዬ አሳየኋቸው። ክንፏን በጣታቸው ዘረጉት።

«ይችን ወፍ አውቃታለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች፣ በልግ ሲገባ ትሄዳለች። በሬ ስናሠማራ በእግራችን መሐል ታልፍ ነበር።» ቆይተው «ሰምተሻት ነበር?» አሉኝ።

«ሰምቻት ነበር።»

«እ» አሉ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ያ «እ» ነው።

ከዚያ ግን ያላሰብኩትን ነገሩኝ። በሪፖርቱ ላይ ግሪሳ ተብሎ የተዘጋ ሸንበቆ ወደ ቋሚ መዝገብ ይገባል፤ ቋሚ መዝገብ ውስጥ የገባ ደግሞ ማመልከቻ ሳይጠበቅ በየዓመቱ ይረጫል። ሪፖርቱ በወሩ መጨረሻ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ የሚመልሰው የለም።

«እንግዲህ ዘንድሮ የቀሩት በሚመጣው ዓመት ይመጣሉ» አልኩ።

«እዚያው ያደረ እዚያው ይመለሳል።»

በዚያ ዘመን የሥራ ስህተት ስህተት ብቻ አይባልም። አሻጥር ይባላል። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው መጠየቂያው ቀበሌም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሪፖርቱ ሳይሄድ ላርመው ቆረጥኩ። ስሟን ልጻፍ ብል እንኳ ስሟን አላውቀውም። ሠፈራችን ካሉ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩና መሐረቤን ፈታሁ።

«ጨረባ ናት እኮ» አሉኝ ሳያመነቱ። «መጽሐፍ ላይ ስሟ አለ። ማን ገደላት?»

«እኔ ነኝ አባ።»

ፊታቸውን አዞሩና «ስሟን ስትይዢ ግማሽ ንስሐ ነው» አሉኝ።

ጓድ ታፈሰ ቢሮ ስገባ ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጓድ፣ የመቂው ሸንበቆ ላይ ስሙን አሳስቼ ጽፌያለሁ። ግሪሳ አይደለም፤ ጨረባ ነው። እህል አትበላም።»

«ጨረባ ምንድን ናት?»

አሳየሁት። ከወንበሩ ትንሽ ሸሸ።

«ሙሉነሽ፣ ወፍ ወፍ ነው። ሞቷል፣ አልቋል። አሁን አውሮፕላን፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት ያለ ቦታው ወጣ ብለሽ ልትጽፊ ነው? አሻጥር የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጆች አሉሽ።»

«ሁለት።»

«እኔም አራት አሉኝ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔን እያስፈራራኝ አልነበረም፣ እሱም ፈርቷል።

«የእርስዎ ስም አይነካም» አልኩት። «ሆዷን ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደዚያው ብዬ ነው የምጽፈው።»

መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ከመንገዱ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል።

«እኔ አላየሁም» አለ። «በራስሽ እጅ ሰርዢ፣ በራስሽ ስም ፈርሚ።»

ሰረዝኩ። ጽሕፈቴ የዚያን ቀን አላማረም። «ግሪሳ አይደለም። ጨረባ ናት። ምግቧ ትንኝ ነው። ሳልመረምር የጻፍኩ ሙሉነሽ።»

ሁለት ጊዜ ተጠራሁ፣ ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ። ጓድ ታፈሰ፣ ማመን ያቅተኛል፣ «መሃይም ነበረች፣ ገና ፊደል የቆጠረች ናት» ብሎ አዳነኝ። ምሕረትም አንዳንዴ ስድብ ለብሶ ይመጣል። ከመስክ አንሥተው ዘር መጋዘን አስገቡኝ፤ ሁለት ዓመት ከረጢት ስሰፋ ኖርኩ። ሸንበቆው ግን ከመዝገቡ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከኦቦ ዋቆ ጋር በአውቶብስ እስከ መቂ፣ ከዚያ በጋሪ እስከ ሐይቁ ሄድን። ጫማቸውን አወለቁ። ጀርባችንን ለሸንበቆው ሰጥተን ተቀመጥን። ሐይቁ እንደ ወተት ነጥቷል፣ ነፋስ የለም። በመካከሉ ጫልቱ ማጭዷን ይዛ ከጎረቤቶቿ ጋር መጣችና አወቀችኝ።

«ያቺ የአውሮፕላኗ ሴትዮ!» አለች። «ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?»

«ወፍ እንጠብቃለን።»

«አዬ፣ ወፉስ አልቋል። አልቆልኝ ማሽላዬ መች ጨመረ? ያው ነው። የጨመረው ትንኙ ነው፤ ሥራ አስፈታን።» ከዚያ ይሁን ከዝናቡ እኔ አላውቅም፤ ያለችውን ነው የምጽፈው። ማጭዷን ወደ ሸንበቆው አመለከተች። «ዛሬ ልናጭደው ነው የመጣነው። አጭደን አቃጥለን ጎመን እንተክልበታለን። ባዶ ምን ይሠራል?»

ኦቦ ዋቆ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ጫልቱ ትከሻዋን ነቅንቃ፣ ለሽማግሌ ክብር ስትል፣ አጠገባችን ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ ቆመው እያወሩ ይጠብቁ ነበር። ፀሐይዋ ውኃውን ነካች። ሰማዩ ባዶ ነበር። ወዲያ ማዶ ይብራዎች አለፉ፤ ከዚያ ምንም። ባዶነት ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ።

ድንገት ኦቦ ዋቆ እጄን ያዙኝ። እኔም ሰማሁ። ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ ቀጭን ወሬ። ዞር ብዬ አየሁ። ዘጠኝ ነበሩ። ምናልባት አሥር። ያንን ሁሉ ሰማይ ለሚሞላ ዘር ዘጠኝ ምን ማለት ነው? እንባዬ መጣ። ሸንበቆውን አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ሁለተኛ ዞሩ፣ ሊያርፉ ፈርተው እንደገና ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ አንዷ ወረደች። ሌሎቹ ተከተሏት።

«እነዚህን ነው የገደልነው?» አለች ጫልቱ በዝግታ። «ምን ይባላሉ?»

ነገርኳት። በአፏ ሞከረችው፣ እንደ አዲስ ፍሬ። ጎረቤቷ ከኋላ «ጫልቱ! እንጀምር እንጂ፣ መሸ!» ብሎ ተጣራ።

ጫልቱ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ማጭዷን ከመሬት አንሥታ ብብቷ ሥር አደረገችና ወደ ሰዎቹ መለሰች፤

«ተዉት፣ ባዶ አይደለም፤ ሰው ገብቶበታል።»